በሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር የኋላ ወንበር ወደ መንዝና ወደ አንኮበር ቆላ ለሚጓዙ፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምሠራው ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ለመስክ ሥራ ደጋግመን ወደ መሐል ሜዳ እንወጣለን፤ አልፎ አልፎም በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ እንወርዳለን። መኪናችን ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ሲሆን እኔ የምቀመጠው ሁልጊዜ ከኋላ፣ በጎን በኩል በተዘረጋው ረጅም ወንበር ላይ ነው። ጣርማ በር ሳንደርስ ያቅለሸልሸኛል፤ ማታ ደግሞ ወገቤን አቃንቼ መቆም ያቅተኛል። ባልደረቦቼ ‹ይህ መኪና የትም ይገባል፣ አትፍሪ› ይሉኛል። ሹፌራችን ትልቅ ሰው ስለሆኑ ቀስ ይበሉ ለማለት አፍራለሁ። አሁን ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር ባልደረባ ተጨምራልናለች። ምን ማድረግ እንችላለን?»

ምላሽ፦

ባልደረቦችዎ የሚሉትም፣ እርስዎ የሚሰማዎትም እውነት ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሃርድ ቶፕ የምንለው ላንድ ክሩዘር ከባድ ጭነት ተሸክሞ በመጥፎ መንገድ ላይ ሳይሰበር ለብዙ ዓመታት እንዲሠራ፣ ሲበላሽም በቀላል መሣሪያ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ መኪና በመሆኑ የትም ይገባል መባሉ ተገቢ ነው። በውስጡ የሚቀመጠው ሰው ምቾት ግን በነዳፊዎቹ ሐሳብ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ አልያዘም። ስለዚህ መኪናው ያልሰጠንን ነገር በአቀማመጥ፣ በቀበቶ፣ በጭነት አደራደርና ከሹፌሩ ጋር በሚደረግ ስምምነት ልንሞላው ይገባል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ውስጥ ተሳፋሪም የራሱ ሥራ አለው፤ ተቀምጦ መወሰድ ብቻ አይደለም።

ከተቀመጡበት ቦታ ልጀምር። ይህ የላንድ ክሩዘር ዘር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን በ1999 በተደረገለት ማሻሻያ የፊት እግሩ ከባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ዝርጎች) ወደ ሞላ (ወደ ጥቅልል ብረት) ተለውጧል፤ የኋላው ግን በባሌስትራ ላይ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ባሌስትራው ለከባድ ጭነት የተሠራ በመሆኑ ክብደት ሲያርፍበት ጉዞው ይለሰልሳል፣ ሲቀልለት ደግሞ ይደርቃል። ከኋላ አራት ሰውና ጥቂት ሻንጣ ብቻ ሲጫን ባሌስትራው የተሸከመ እንኳ አይመስለውም፤ በዚህም የተነሣ ጎማው የረገጠው ድንጋይ ሁሉ ሳይበርድ ወደ ወንበሩ ይደርሳል። ባዶውን የሚሄድ ሃርድ ቶፕ በልኩ ከተጫነው ይልቅ ተሳፋሪ የሚያንገላታው ለዚህ ነው።

በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ከፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ትንሹ እንቅስቃሴ የሚገኘው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ባለው ቦታ ሲሆን፣ ትልቁ ደግሞ በኋላ ጎማ ላይና ከእርሱም ወዲያ በኋላ በር በኩል ነው። በረጅሙ ወንበር ላይ ለበሩ ቀርቦ የሚቀመጠው ሰውና ወደ ሹፌሩ ጀርባ ተጠግቶ የሚቀመጠው ሰው በአንድ መኪና ቢሄዱም አንድ ዓይነት ጉዞ አይጓዙም። በዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ ግድ ከሆነብዎ ወደ ፊት ይጠጉ፤ ይህ ብቻውን ልዩነቱን ያሳይዎታል።

የጎን ወንበር ሌላም ችግር አለው። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ሰውነታችንም ይህን ለመቋቋም የተሻለ ዝግጁ ነው። በጎን የተቀመጠ ሰው ግን ወደ ጎረቤቱ ትከሻ ይወድቃል፤ አከርካሪው ወደ ጎን ይታጠፋል፤ አንገቱንም የሚደግፈው ነገር የለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ በጎን የሚያይ ወንበር መግጠምን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድ ይህ ወንበር ብዙ ሰው ስለሚይዝና ሲታጠፍ ለጭነት ቦታ ስለሚለቅ ይወደዳል፤ ጥቅሙን አልክድም፣ ነገር ግን ሰው ለረጅም መንገድ የሚቀመጥበት ነው ብዬ አልመክርም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሕመሞችዎ ልምጣ። ማቅለሽለሹና የወገብ ሕመሙ ከአንድ መኪና የሚመጡ ቢሆኑም ምክንያታቸው የተለያየ ነው፤ ስለዚህ አንዱን የሚያሽል ነገር ሌላውን ላያሽለው ይችላል። የጉዞ ማቅለሽለሽን ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅሰው ዝግ ያለ መወዛወዝ ነው፤ በአምስት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚደርስ ከፍ ዝቅ ማለትና ወደ ግራ ወደ ቀኝ መጣል። ይህ በትክክል የተራራ መንገድ ኩርባ የሚሰጠው ምት ነው። ወገብን የሚጎዳው ደግሞ ፈጣኑ ንዝረት ሲሆን፣ በተለይ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚደርሰው መንቀጥቀጥ ከተቀመጠ ሰው አከርካሪ ጋር ይገጥምና ይበልጥ ይበረታል። ይህን የሚሰጠው የኮረኮንች መንገድ ነው።

ለማቅለሽለሽ መነሻው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን አካል የሚናገረውና ዓይን የሚያየው አለመስማማታቸው ነው። በጎን ወንበር ላይ ሆነው ፊት ለፊትዎ የሚያዩት የባልደረባዎን ጉልበትና በትንሹ መስኮት በፍጥነት የሚያልፈውን የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ነው፤ ጆሮዎ ግን መኪናው ወደ ፊት እየሄደ፣ እየታጠፈና እየወጣ መሆኑን ይነግርዎታል። መድኃኒቱ ዓይንዎ መንገዱን አስቀድሞ እንዲያይ ማድረግ ነው። ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ኩርባው ሳይደርስ ስለሚያየው ሰውነቱ ይዘጋጃል፤ ሹፌር ብዙ ጊዜ የማያቅለሸልሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከኋላ መቀመጥ ግድ ከሆነ ጭንቅላትዎን ወደ ፊት መስታወት አዙረው በሩቅ የሚታየውን ነገር፣ ለምሳሌ የተራራውን ጫፍ ወይም የመንገዱን መጨረሻ ይመልከቱ። ስልክ አይንኩ፤ ሪፖርት አያንብቡ።

ሆድ ባዶ ሲሆንም ከመጠን በላይ ሲሞላም ነገሩ ይብሳል። ከመነሳት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ዳቦ ወይም ቆሎ ከጥቂት ውኃ ጋር መቅመስ ይበቃል፤ ቅባት የበዛበት ፍርፍር በልቶ መነሳት ግን ጣርማ በር ላይ ያስከፍላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ባልደረባ ካለ ቢያንስ የፊቱ ወንበር ለእርሱ ይሰጥ። ዝንጅብል ማኘክ ለአንዳንድ ሰው ይጠቅማል። መድኃኒት መውሰድ ካስፈለገ ዳይመንሃይድሪኔት የመሳሰሉት ከጉዞው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት መወሰድ አለባቸው፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይሠሩም፤ እንቅልፍም ያመጣሉና ፋርማሲስት ያማክሩ።

አየሩም አስተዋጽኦ አለው። ከኋላ ያሉት ሰዎች ሙቀት ሲበዛባቸው የኋላውን መስኮት ብቻ ይከፍታሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። መኪናው ሲሄድ ከጀርባው የሚፈጠረው ክፍተት አቧራውንና የጭስ ማውጫውን ጢስ ወደ ውስጥ ይስባል። የፊቱን በትንሹ ከፍቶ የኋላውን መዝጋት አየሩ ከፊት ወደ ኋላ እንዲሄድ ያደርጋል። ጀሪካን ነዳጅ በሰዎች መካከል መጫን ደግሞ ከሽታው ባሻገር በራሱ አደጋ ነው፤ በጭራሽ አይፈቀድ።

ኩርባን በተመለከተ አንድ ስሌት ላቅርብ፤ ሹፌሩን ለማነጋገርም ይጠቅምዎታል። ኩርባ ላይ ሰውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር የሚያዝ ኩርባ በ30 ቢያዝ ግፊቱ በ44 በመቶ ይቀንሳል፤ ወደ ግማሽ ይጠጋል ማለት ነው። በአሥር ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ የሚያስከፍለው ጊዜ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። በእኔ ግምት ለአምስት ደቂቃ ሲባል ግማሽ ቀን ሥራ የማይችል ሠራተኛ ይዞ መድረስ አያዋጣም።

ነገር ግን ሹፌሩንም ልንረዳው ይገባል። ደብረ ብርሃን ራሷ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጓሳ አካባቢ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ብዙዎቹ ሃርድ ቶፖች የያዙት 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ቱርቦ የሌለው በመሆኑ በዚያ ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ከሚያገኘው አየር ከሩብ በላይ ያጣል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ ሹፌሩ ዳገቱን የሚይዘው ግስጋሴውን ላለማጣት ብሎ ነው፤ ኩርባው ላይ ከቀዘቀዘ ማርሽ ቀንሶ እየተጎተተ መውጣት ይኖርበታል። ተሳፋሪው እንደ ችኮላ የሚቆጥረው ነገር ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በከባድ ማርሽ ዝግ ብሎ መውጣት መኪናውን እንደማይጎዳውና ተሳፋሪዎቹም እንደማያጉረመርሙ አስቀድሞ ከተነገረው አብዛኛው ሹፌር ደስ እያለው ይቀንሳል።

ለወገብዎ የሚበጀው ሌላ ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ፣ በተለይ በበጋ፣ መሬቱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተሞግዶ ያገኙታል። ልምድ ያላቸው ሹፌሮች በዚህ ላይ ፍጥነት ሲጨመር ንዝረቱ እንደሚቀንስ ያውቃሉ፤ እውነትም ነው፣ ጎማው ከሞገድ ወደ ሞገድ እየዘለለ ስለሚሄድ ነው። ተሳፋሪዎችም «ኧረ አሁን ተሻለን» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፤ የሚዘል ጎማ መሬት አይዝም፤ መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም። በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለ በግ ወይም ሕፃን ቢገባ መኪናው በቀላሉ አይቆምም። ምቾቱን በፍጥነት ከመግዛት ይልቅ ንዝረቱን ቀስ ብሎ ማለፍና በየአንድ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ወርዶ መራመድ ይሻላል።

አቀማመጥዎም ለውጥ ያመጣል። ጀርባዎን ከመደገፊያው ጋር ያጣብቁ፤ ሁለቱን እግሮችዎን ወለሉ ላይ በሙሉ ያሳርፉ፤ ጉልበትዎ ከዳሌዎ ብዙ ከፍ አይበል። ጋቢዎን ወይም ትንሽ ባናን አጥፈው በወገብዎና በመደገፊያው መካከል ያስገቡ። በሥር ወፍራም ስፖንጅ አንጥፎ መቀመጥ ግን ምቹ ቢመስልም አልመክረውም፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ሰውነት በስፖንጁ ላይ ተንሸራትቶ በቀበቶው ሥር ያልፋል፣ ቀበቶውም ከዳሌ አጥንት ወደ ሆድ ይወጣል። እጀታውን በለስላሳው ይያዙ፤ ክርንዎን አጠፍ አድርገው እንጂ ገትረው አይደለም፣ የተገተረ ክንድ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይልካልና። መድረሻዎ ላይ ሲወርዱ ወዲያው ከባድ ዕቃ ለማንሳት አይጎንበሱ። ብዙ ሰው ወገቡ «ከመኪና ወርዶ ጆንያ ሲያነሳ» የተቀጨ መሆኑን ይናገራል፤ ለሰዓታት ሲንቀጠቀጥ የቆየ ጡንቻና አከርካሪ ጥቂት እርምጃ ሳይራመድ ለጭነት ዝግጁ አይሆንም።

የመኪናውንም ሁኔታ ያስፈትሹ። የኋላ አሞርዛተሩ (የመኪናውን መወዛወዝ የሚያበርደው ክፍል) ላይ ዘይት ወዝቶ አቧራ የያዘ ከሆነ አልቋል ማለት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው በግልጽ ይታያል። ጎማው ፓንቸር እንዳያስቸግር ተብሎ ከልክ በላይ ተነፍቶ እንደሆነም ጎሚስታ ዘንድ ይለካ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ሲስተካከሉ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ያለ ማንም ማብራሪያ ያውቀዋል።

እስካሁን ያነሣሁት ስለ ሕመም ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው እርስዎ ባይጠይቁትም «አትፍሪ» ለሚሉት ባልደረቦችዎ ጭምር ነው።

የመኪናው ቁመት ከ2 ሜትር በላይ ሲሆን ስፋቱ ከ1.8 ሜትር አይበልጥም። በዚህ ላይ ፖርቶመጋላው (ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ ጆንያና ትርፍ ጎማ ሲጫን ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ኩርባና ዘንበል ያለ መሬት ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ሆኖ ይታሰር፤ ፖርቶመጋላው ላይ የሚወጣው ቀላሉ ብቻ ይሁን። ወለሉ ላይ የተቀመጠም ዕቃ ካልታሰረ ጠላት ነው። በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም በውስጡ ያለው ሁሉ ከራሱ ክብደት 12 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል፤ 25 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 300 ኪሎ የሚመዝን ነገር ሆኖ በፊቱ ያለውን ሰው ይመታል ማለት ነው። ያልታሰረ ሰውም እንደዚያው ጀሪካን ነው።

ቀበቶን በሚመለከት፣ በጎን ወንበር ላይ ያለው ቀበቶ፣ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የዳሌ ቀበቶ ብቻ ነው፤ ከምንም ግን ይሻላል፤ በተለይ መኪና ሲገለበጥ ሰውን ውስጥ ያስቀራልና። መኪናው ወደ ጎን ሲያዘነብል ብዙ ሰው በደመ ነፍስ በሩን ከፍቶ ሊዘል ወይም እጁን አውጥቶ ጣሪያውን ሊይዝ ይሞክራል። የሚዘለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው መኪናው በሚወድቅበት በኩል ነው። እጅዎን ወደ ውስጥ ሰብስቡ፤ ቀበቶዎን አትፍቱ፤ ውስጥ ቆዩ።

ሃርድ ቶፑ ለኋላ ተሳፋሪ የጎን በር እንደሌለው አስተውለው ይሆናል። መውጫው ከኋላ ያለው በር ብቻ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በሻንጣ ይዘጋል። ከመነሳታችሁ በፊት በሩ ከውስጥ መከፈቱን ራስዎ ይሞክሩት፤ ዕቃውም መክፈቻውን እንዳይሸፍን አድርጋችሁ ጫኑ።

ወደ ቆላ ሲወርድ ዋናው ነገር ፍሬን ነው። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መኪና ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የአልዩ አምባው ቁልቁለትም በዓይነቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ 150 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ በማርሽ ካልያዘው ከዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚያርፈው በአራት ፍሬኖች ላይ ነው፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ ይሰጥና አይይዝም። በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ይጮኻል፤ ተሳፋሪዎችም «መኪናው ተሰቃየ፣ ማርሽ ቀይር» ማለት ይቀናቸዋል። እባካችሁ ይህን አትበሉ። ያ ጩኸት ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ እየያዘላችሁ መሆኑን የሚያሳውቅ ነው። የሚያሠጋው ዝምታው ነው፤ በተለይ የተቃጠለ ነገር ሽታ ሲከተለው። ሽታው ከመጣ ለሹፌሩ ይንገሩ፤ ሰፊ ቦታ ላይ ይቁምና ፍሬኑ ይብረድ፤ ውኃ ግን አይደፋበት።

የቆላው መንገድ ከወንዝ ጋርም ያገናኛል። ሮቢንና ጀውሃን የመሳሰሉ ወንዞች መነሻቸው ደጋው ላይ በመሆኑ ቆላው ፀሐይ ሆኖ ሳለ ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። ስሙ የገነነ መኪና ሰውን የሚያስተው እዚህ ላይ ነው። የሚወርድ ውኃ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪናን ሊወስድ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና፣ ሃርድ ቶፑን የመሰለውንም ጭምር፣ ሊያንሳፍፈው ይችላል፤ የተንሳፈፈ መኪና ደግሞ አራቱም ጎማ ቢነዳ ጥቅም የለውም። ውኃው ደፍርሶ ታቹ ካልታየ፣ ቅጠልና ግንድ ይዞ ከወረደ መሻገር የለም፤ ይጠበቃል። ሹፌሩ ይለፍ ቢል እንኳ ወርዶ መቅረት የተሳፋሪው መብት ነው። ዝቅ ያለና የጠራ ውኃ ሲሆን መስኮቶቹ ይከፈቱ፣ በሮቹም ከመቆለፊያ ይላቀቁ፤ መውጫቸው አንድ የሆነባቸው የኋላ ተሳፋሪዎች የሚረገጥ መሻገሪያ ካለ በእግር ይሻገሩ።

በክረምት ዋልካ ላይ ሲያዝም ውረዱ፤ መኪናው ይቀልለታል። መቆሚያችሁ ግን ከኋላው ወይም በቁልቁሉ በኩል አይሁን፤ የሚሽከረከር ጎማ ድንጋይ ያስፈነጥራል፣ መኪናውም ሊንሸራተት ይችላል። በገመድ ወይም በዊንች ሲጎተት ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ራቁ፤ በገመዱ ላይ ተረማምዶ ማለፍ ፈጽሞ አይገባም። ለሹፌሩ ምልክት የሚሰጥ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አምስት ሰው «ግራ! ቀኝ! ቁም!» ሲል ሹፌሩ የማንንም አይሰማም።

ስለ ነፍሰ ጡር ባልደረባዎ አጭርና ግልጽ ልሁን፤ በጎን ወንበር ላይ አትቀመጥ። ቦታዋ ጋቢና ነው። የዳሌ ቀበቶው ከሆዷ በታች በዳሌ አጥንቷ ላይ፣ የትከሻው ደግሞ በጡቶቿ መካከል አልፎ በሆዷ ጎን እንዲወርድ ይታሰር፤ በሆድ ላይ የሚያልፍ ቀበቶ ራሱ ጉዳት ያመጣል። ወንበሩ ከዳሽቦርዱ እንዲርቅ ወደ ኋላ ይገፋ። ኮረኮንች መንገድን በተመለከተ፣ በተለይ የእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ከሆኑ ወይም ደም መፍሰስ ካጋጠማት፣ ጉዞው መሰረዝ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚወስኑት የምትከታተላት አዋላጅ ወይም ሐኪም እንጂ ኃላፊዋ አይደሉም።

ይህ ደግሞ ወደ ሥርዓቱ ያመጣናል። ጋቢና በእኛ ዘንድ የክብር ቦታ ነው፤ ኃላፊው ወይም ታላቁ ሰው ይቀመጥበታል፤ ማንም አይጠይቅም። ልማዱን አላቃልልም፤ ነገር ግን በመስክ መኪና ላይ የተሻለው ልማድ ቦታውን ለሚያስፈልገው ሰው መስጠት ነው፤ ኃላፊው ራሳቸው ቢያነሡት ነገሩ ያለ ቅሬታ ያልቃል። ጋቢና ሁለት ተሳፋሪ የሚይዝ ከሆነ ለነፍሰ ጡሯና ለእርስዎ ይበቃል።

ሹፌሩን ማነጋገር እንዲህ የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ሰዓቱን መምረጥ ብቻ ነው። ኩርባ መሐል ላይ «ኧረ ቀስ!» ብሎ መጮህ ትኩረታቸውን ይሰርቃል፣ ክብራቸውንም ይነካል። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ፣ ዘይትና ውኃ ሲያዩ ጠጋ ብለው «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፤ ከጣርማ በር ወዲያ ያለው ኩርባ በጣም ያቅለሸልሸኛል፤ በ30 ቢይዙልኝ ይሻለኛል፤ ሲብሰኝ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ እመታለሁ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ያቁሙልኝ» ይበሏቸው። ምክንያቱ፣ መጠኑና ምልክቱ አንድ ላይ ስለተነገራቸው ትእዛዝ አይመስላቸውም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ድምፅ በሞተሩ ጩኸት ወደ ፊት ስለማይሰማ ምልክቱ የግድ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ መምታት «አቁሙ»፣ ደጋግሞ መምታት «አሁኑኑ» ተብሎ ለሁሉም ይነገር።

በመጨረሻም ጉዳዩ በእርስዎ ብርታት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ለአስተዳደር ክፍሉ በጽሑፍ እንዲያቀርቡት እመክራለሁ። የምትጠይቁት፦ የጎን ወንበሮቹ ተነሥተው ወደ ፊት የሚያዩ፣ የራስ መደገፊያና ሦስት ነጥብ ቀበቶ (ዳሌንም ትከሻንም የሚይዝ) ያላቸው ወንበሮች እንዲገጠሙ፤ የወንበሩና የቀበቶው ብሎኖች በወለሉ ሥር ወፍራም ብረት ተደርጎላቸው እንዲታሰሩ እንጂ በስስ ላሜራ ላይ ተበይደው እንዳይቀሩ፤ በሰዎችና በጭነት መካከል የብረት መረብ እንዲደረግ፤ የኋላ አሞርዛተሮቹም እንዲመረመሩ ነው። ብየዳውን በተለይ አስምሩበት፤ ጋራዦች ለመፍጠን ብለው የሚመርጡት እርሱን ነው፤ በግጭት ጊዜም ወንበሩ ከነሰዉ የሚነቀለው ከዚያው ላይ ነው።